ቮልስን ስናደንቅ የምንዘላቸው ነገሮች

ስለ ቮልስዋገን ቢትል፣ እኛ ቮልስ ስለምንላት መኪና፣ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር አንድ ዓይነት ነው። ፈርዲናንድ ፖርሼ የተባለ ሊቅ ለሕዝብ የሚሆን ርካሽ መኪና አሰበ፣ ሠራት፣ ዓለምም ወደዳት። ታሪኩ ያምራል፤ ግን ምህንድስናውንም ሰዎቹንም አጉድሏል።

እስኪ ከምስጋናው እንጀምር። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ራዲያተር የላትም፤ ስለዚህ በብርድ በረዶ የሚሆን፣ በሙቀት የሚፈላ ውሃ የለም። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ክብደቱ መኪናዋን በሚገፉት ጎማዎች ላይ ያርፋል፤ ጭቃ ላይ የምትበረታው ለዚህ ነው። ይሄ እውነተኛ ብልሃት ነው።

ግን ቅለቷ ዋጋ አለው። ቬንትሌተሩንና ዲናሞውን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው፤ እሱ ከተበጠሰ ባትሪ መሙላቱም ሞተር ማቀዝቀዙም አብረው ይቆማሉ። የድሮዎቹ ሞዴሎች ደግሞ ኩርባ ላይ በፍጥነት ሲታጠፉ የውጪው የኋላ ጎማ ወደ ውስጥ ይታጠፍና መሬት የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ያ ሁሉ ክብደት ከኋላ ስላለ፣ ጅራቷ ወደ ውጭ ይወረወራል።

ወደ ሰዎቹ ስንመጣስ? የቼኩ ታትራ ኩባንያ መሐንዲስ ሃንስ ሌድቪንካ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ከኋላ ያስቀመጡ መኪኖችን በዚያው ዘመን ይሠራ ነበር፤ ቮልስዋገን ከጦርነቱ በኋላ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለታትራ 1 ሚሊዮን ማርክ ከፍሏል። ዮሴፍ ጋንዝ የተባለ አይሁዳዊ መሐንዲስም በ1931 የትንሽ ሕዝባዊ መኪና ናሙና ሠርቶ ነበር። በ1933 ናዚዎች አሰሩት፤ ከዚያም አገሩን ጥሎ ወጣ።

ሕዝቡስ? የናዚ መንግሥት «በሳምንት 5 ማርክ አጠራቅሙና መኪና ውሰዱ» አለ። 336,000 ያህል ሰዎች አጠራቀሙ፤ በዚያ ዕቅድ አንድም ሰው መኪና አልደረሰውም። ፋብሪካው ወደ ጦር መሣሪያ ዞረና 20,000 ያህል ሰዎች ተገደው ሠሩበት። ከጦርነቱ በኋላ ምርቱን ያስጀመረው ደግሞ ኢቫን ኸርስት የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነው።

«21 ሚሊዮን በላይ ተሸጣ የለም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ልክ ነው፤ የመጨረሻዋ በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከተማ ተሠራች። ግን ኩባንያው በዚህች አንድ ሞዴል ላይ ሙጭጭ ብሎ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ችግር ውስጥ ገባ። በ1974 ጎልፍን ሲያወጣ ሁሉን ገለበጠው፦ ሞተሩ ከፊት፣ ማቀዝቀዣው በውሃ፣ መኪናዋን የሚጎትቱት የፊት ጎማዎች። የቮልስ አሠራር እንከን የለሽ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ የራሷ ፋብሪካ ለምን ይተወዋል?

ቮልስን መውደድ ይቻላል፤ እኔም እወዳታለሁ። ግን ስለ እሷ የተጻፈ ነገር ስታነቡ ሌድቪንካን፣ ጋንዝንና እነዚያን 20,000 ሰዎች ፈልጓቸው። ከሌሉ ጽሑፉ ጎዶሎ ነው።