ጭራው የተቆረጠ ዘፈን አትግዙ

የድሮ ሮክ ዛሬ የወጣቶች ሆኗል፤ ደስ ይላል። ደስ የማይለው አወዳደሳቸው ነው። የእህቴ ልጅ ሌድ ዜፕሊንን ያወቀ ሰሞን ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፍቶ «ጋሼ፣ አዲሱ ሪማስተር ነው፤ እንዴት እንደሚጮህ ስማው!» አለኝ። ሪማስተር የሚሉት የድሮውን ቅጂ እንደገና አሰናድተው ያወጡትን ነው። መጮሁን ሰማሁ። ጓደኞቹም ጥራት የሚሉት ይህንኑ ጩኸት ነው። እንግዲህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ስለ መሠረታዊው ነገር አልናገርም። ሸክላ በጠርዙ እንደሚያዝ፣ ያረጀ መርፌ ሸክላ እንደሚፍቅ፣ አልበም ከመጀመሪያው ዘፈን ተነስቶ በተርታ እንደሚደመጥ የማያውቅ ሰው ይህን ተምሮ ይምጣ። ዘፈኖቹን አደባልቆ የሚያጫውት ደግሞ ከዚሁ ይመለስ።

የአልበም ቅጂ የሚዳኘው በአሟሟቱ ነው። የመጨረሻው ምት ከተመታ፣ ዘፋኙም አፉን ከዘጋ በኋላ ድምፁ ክፍሉ ውስጥ ተንከራትቶ የሚከስምበት ጊዜ አለ። ጭራው ይሄ ነው። ጭራው ሙሉ ከሆነ ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ከተቆረጠ ወይም ካበጠ፣ ሽፋኑ ወርቅ ቢሆን አትግዙት።

እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣውን የቢትልስን «ሳርጀንት ፔፐርስ» እንውሰድ። የመጨረሻው ዘፈን «ኤ ዴይ ኢን ዘ ላይፍ» በአንድ የፒያኖ ኮርድ ይዘጋል። በሦስት ፒያኖ ባንድ ጊዜ መቱት። ድምፁ እየደከመ ሲሄድ የድምፅ መሐንዲሱ ጄፍ ኤምሪክ መጠኑን ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየገፋ አቆየው፤ ከ40 ሰከንድ በላይ። መጨረሻው ላይ መጠኑ በጣም ከፍ ከማለቱ የተነሳ ወንበር ሲጢጥ ሲል ይሰማል። ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ኮርዱ ደረጃ በደረጃ መውረድ አለበት፣ የወንበሩም ድምፅ ከሩቅ መምጣት አለበት። ወንበሩ ከፒያኖው እኩል ከጮኸ አንድ ሰው ቅጂውን ጨምቆታል።

ጨማቂው ኮምፕሬሽን የሚባለው ነው። በልክ ሲሆን ማንም አይጠላውም፤ የምንወዳቸው አልበሞች ሁሉ በእሱ ተሠርተዋል። ሲበዛ ግን ከፍ ያለውን ድምፅ ተጭኖ ያወርደዋል፣ ከዚያ ሁሉንም ባንድነት ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሹክሹክታና ጩኸት አንድ ቁመት ይሆናሉ። ሲዲ ከመጣ በኋላ፣ በተለይ በ1990ዎቹ፣ ኩባንያዎች «የእኔ ይበልጥ ይጩህ» እያሉ ተሽቀዳደሙበት። በ2008 ሜታሊካ «ዴዝ ማግኔቲክ»ን ሲያወጣ አድማጮች «ጊታር ሂሮ» በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ የገባውን ቅጂ ከሲዲው ጋር አስተያዩና የጨዋታው እንደሚበልጥ አገኙ። ዳግመኛ ይሠራልን ብለው ፊርማ እስከማሰባሰብ ደረሱ። ይባስ ብሎ ዛሬ ስፖቲፋይን የመሰሉ አገልግሎቶች የዘፈኖችን ከፍታ ራሳቸው ያስተካክላሉ። የተጨመቀው ዘፈን ጩኸቱን ይቀማል፤ ጭምቅነቱ ግን አብሮት ይቀራል። ለዚህ ነው እንግዲህ ለአንድ አልበም ሁለቴ ገንዘብ የሚከፈለው!

ሁለተኛው ፈተና የሌድ ዜፕሊን አራተኛ አልበም ነው፤ 1971። «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን»ን ክፈቱና ድምፁን መግቢያው ላይ አንዴ አስተካክላችሁ እጃችሁን አንሱ። መሃል ላይ የሚነካካ ሰው ዳኛ አይሆንም። ጆን ቦናም ከበሮውን የሚያስገባው አራተኛው ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው። ሲገባ ካላስደነገጣችሁ ቅጂውን ለሻጩ መልሱለት። እዚያው አልበም ላይ «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» አለ። ከበሮው የተቀረጸው እንግሊዝ አገር፣ ሄድሊ ግሬንጅ በሚባል አሮጌ ቤት፣ ደረጃው ሥር ነው፤ መሐንዲሱ አንዲ ጆንስ ሁለት ማይክሮፎን ከላይ አንጠልጥሎ። ስለዚህ ከከበሮው ጋር ቤቱም ተቀርጿል። በጥሩ ቅጂ የጣሪያው ከፍታ ይታወቃችኋል። በመጥፎው ቤቱ ይጠፋና ቦናም የቆርቆሮ በር የሚደበድብ ይመስላል።

«በድንገት ቀጥ የሚለውስ?» ብሎ የሚከራከረኝ አይጠፋም። በ1969ኙ የቢትልስ «አቢ ሮድ» የ«አይ ዎንት ዩ» መጨረሻ እንደ ተቆረጠ ነው፤ ሌነን ቴፑ እዚያ ጋ ይቆረጥ ብሎ አዝዞ። ባለቤቱ ከቆረጠው ምን አገባን?

ጆሮዬን ያቀናው የስቱዲዮ ሰው አይደለም። ፒያሳ ከሸክላ ወደ ካሴት ይቀዳ የነበረ ሰው ነው። ባዶ ካሴት ይዘን ሄደን እናስቀዳ ነበር። ሌሎቹ ካሴት ቀጂ ቤቶች ዘፋኙ ዝም ሲል ቁልፉን ቀጭ ያደርጋሉ፤ በ60 ደቂቃ ካሴት ላይ አንድ ዘፈን ጨምረው ደንበኛ ለማስደሰት። እሱ የመቅጃው የድምፅ መለኪያ መርፌ ወርዳ እስክትተኛ ድረስ ቁልፉን አይነካም። ቀዩን ካለፈች ደግሞ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ቸኩያለሁ ላለው ሰው «እንግዲያው ሬዲዮ ስማ» ይለዋል። አንዱ «ባዶ ቴፕ ለምን ታባክናለህ?» ቢለው ካሴቱን ከነገንዘቡ መለሰለት። ስለ ሙዚቃ ብዙ አያወራም፤ ወሬው የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ነበር። ያደገው በገና ከሚደረድሩ አያቱ ጋር እንደሆነ ግን አጫውቶኛል። ከበገና ጎን ያደገ ልጅ የአውታሩ ዝዝታ ሳያልቅ አይናገርም፤ ይቆነጠጣል። የሮክ ሸክላም እንዲያ ነበር የሚቀዳው። አሁን እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከየት ይመጣል?

ሸክላ መሰብሰብ የጀመራችሁ ደግሞ ስለ 180 ግራም አትንገሩኝ። ክብደት ስለ ማስተሪንጉ፣ ማለትም ቅጂው ለእትም ስለተሰናዳበት መንገድ፣ የሚነግራችሁ ነገር የለም፤ የተጨመቀ ፋይል በወፍራም ሸክላ ላይ ሲታተም ወፍራም ጭምቅ ነው። ይልቅ መሃሉ ላይ፣ ከጽሑፉ ወረቀት ዙሪያ ባለው ባዶ ቦታ የተጫረውን አንብቡ። ቅጂውን ለሸክላ የቆረጠው መሐንዲስ የስሙን ፊደላት እዚያ ጭሮ ሊሆን ይችላል። በ1969 መሐንዲሱ ቦብ ሉድዊግ «ሌድ ዜፕሊን ቱ»ን ለሸክላ ሲቆርጥ ከፍና ዝቁን እንዳለ ተወው። እሱ ራሱ እንዳወራው፣ አንድ ርካሽ ማጫወቻ ላይ መርፌው እየዘለለ አስቸገረ፤ አሳታሚው አትላንቲክ ኩባንያም ለስለስ ያለ ሌላ አስቆረጠ። ርካሽ ማጫወቻ አጥፍቶ ባስና ከበሮው ተቀጡ። አር ኤል የሚሉት የስሙ ፊደላት የተጫሩበት የመጀመሪያው እትም ዛሬ በውድ ይፈለጋል።

ያን የሚገዛ ገንዘብ ለሌለን ርካሹ መንገድ በ1980ዎቹ የታተመ ተራ ሲዲ ነው። ሽቅድምድሙ ሳይጀመር ስለወጣ ብዙውን ጊዜ ጭራው አለ። አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች በጥቂት ዶላር ይሰጡታል፤ ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ዘመድ ያላችሁ ሲመጡ አስመጡ። የታተመበትን ዓመት ጽፋችሁ ላኩላቸው፤ አለበለዚያ አዲሱን፣ ተጨማሪ ዘፈን ያለበትን፣ «ይሄ ይሻላል» ብለው ያመጡላችኋል።