«አእምሮ ያሠለጥናል» ስለሚባለው የሕፃናት ጨዋታ

ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 6 ዓመት ለሆነ ሕፃናት ተብለው የሚሠሩ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ዛሬ በዝተዋል። ከእነዚህም መካከል ፊደልና ቍጥር እናስተምራለን የሚሉ አሉ፤ ሌሎቹ ግን ከዚህ ከፍ ያለ ተስፋ ይሰጣሉ። ሥዕል በማዛመድ፣ የተደበቀ ነገር በመፈለግና ፈጥኖ በመንካት የልጁ አእምሮ በጠቅላላው ይሠለጥናል፤ የማስታወስ ችሎታው ይበረታል፤ ለሚመጣለት ትምህርት ሁሉ የተዘጋጀ ይሆናል ይላሉ። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህን ሁለተኛውን ተስፋ መመርመር ነው።

ጉዳዩ የከተማ ባለጸጎች ጉዳይ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር ወደ ማጂ ይመልከት። የማጂ ሕፃን በቤቱ የዲዚን፣ የሱሪን ወይም የመኒትን ቋንቋ ሲናገር ያድግና በከተማው አማርኛ ይጠብቀዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ለ«ኦ» ክፍል ጥቂት ገንዘብ ቢገኝ፣ ገንዘቡ ለታብሌት ይዋል ወይስ ለመምህርና ለመጽሐፍ? አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ለሁለተኛው ምርጫ የሚተርፍ አይኖርም።

ክርክሩ ጥንታዊ ነው። የአውሮጳ መምህራን ላቲን የተማረ ልጅ በሁሉ ነገር አእምሮው ይሳላል ይሉ ነበር፤ በእኛም አገር ዳዊት የደገመ ልጅ ለምንም ነገር አያንስም የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። ቶርንዳይክና ውድዎርዝ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ሊቃውንት በ1901 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው) ይህን የመሰለውን አሳብ በፈተና መረመሩት። ሰዎችን የቅርጾችን ስፋት በዓይን መገመት አለማመዷቸው፤ ሰዎቹም በተለማመዱት ዐይነት ቅርጽ ጐበዙ፤ መጠኑና ቅርጹ ሲለወጥባቸው ግን ጕብዝናው በእጅጉ ቀነሰ።

ከመቶ ዓመት በኋላ በኮምፒዩተር የተገኘው ውጤት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ኦወንና ባልደረቦቹ በ2010 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት 11,430 ሰዎች ለ6 ሳምንት የተካፈሉበት ነበር። ተለማማጆቹ በተጫወቱት ጨዋታ ተሻሻሉ፤ ጨዋታውን ወደሚመስሉ ሌሎች ፈተናዎች ግን ማሻሻሉ አልተሻገረም። በ2016ም «ሉሞሲቲ» የተባለው የአእምሮ ጨዋታ ኩባንያ፣ በማስታወቂያው ሕዝብን አሳስቷል ሲል የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ስለ ከሰሰው፣ 2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

እነዚህ የተፈተኑት አዋቂዎች ናቸው፤ የሕፃን አእምሮ ግን ገና ለጋ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ተገቢ ስለ ሆነ ወደ ሕፃናቱ እንሂድ። ራማኒና ሲግለር በ2008 ባወጡት ጥናት ከድኻ ቤተ ሰብ የመጡ የአሜሪካ ሕፃናትን በሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ወገን ከ1 እስከ 10 ቍጥር የተጻፈበት፣ ለሌላው ወገን ቀለም ብቻ የተቀባበት የሰሌዳ ጨዋታ ሰጡ። በ2 ሳምንት ውስጥ 4 ጊዜ፣ በየጊዜው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ከአንድ አዋቂ ጋር ተጫወቱ። ቍጥሩን እየጠሩ የተጫወቱት በቍጥር ዕውቀት ተሻሻሉ፤ ከ9 ሳምንት በኋላም አልጠፋባቸውም። ቀለም እየጠሩ የተጫወቱት ግን እንዲህ ያለ ትርፍ አላገኙም። ሰሌዳው አንድ ነው፤ ደስታውም አንድ ነው፤ የተለየው በውስጡ የተጻፈው ነገር ነው። በእኔ አስተያየት የጉዳዩ ፍሬ ይህ ነው፤ ጨዋታ የሚያስተምረው የያዘውን ነገር ነው፤ ያልያዘውን አእምሮ አያወርስም።

በዚህ ሚዛን በአገራችን ብዙ የተወራለትን የወንጪና የወለንጪቲን ሙከራ እንመልከት። «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት በሁለቱ ቦታዎች በያንዳንዳቸው 20 ለሚያህሉ፣ ማንበብ ለማያውቁ ልጆች፣ በፀሐይ ኀይል የሚሞሉ የሞቶሮላ ታብሌቶችን አደለ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በ2012 ስለዚሁ ሲናገር አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ መሣሪያውን እንዳበራ፣ በ5 ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 ፕሮግራም እንደ ተጠቀመ፣ በ2 ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር እንደ ዘመሩ፣ በ5 ወር ውስጥም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ እንደ ከፈቱ ገለጸ። የልጆቹን ብልሃት የማያደንቅ የለም። ነገር ግን 47 ፕሮግራም መክፈት የጣት ሥራ መለኪያ እንጂ የዕውቀት መለኪያ አይደለም። ኦሮምኛ ተናጋሪ ልጅ የእንግሊዝኛ ፊደል በዜማ ማለቱም ማንበብ ጀመረ አያሰኝም። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ጥንት ዐውቀውታል፤ ልጁ ሀሁን በዜማ ሲወጣው ፊደሉን ለየ ብለው አይተዉትም፤ ተራውን አፋልሰው አቡጊዳን ያስቈጥሩታል።

ለዚህ ትችት የማይመች አንድ ጥናት አለ፤ ሊሸሸግም አይገባም። ይኸው ድርጅት ከ2008 ጀምሮ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች በሺህ የሚቈጠሩ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች አድሎ ነበር። የግሮኒንገን ዩኒቨርስቲ ተመራማሪዎች በ2012 ባወጡት ጥናት ኮምፒዩተር ያላቸውንና የሌላቸውን፣ በድምሩ ከ400 በላይ የሆኑ የኢትዮጵያ ልጆች ሲያነጻጽሩ፣ ያላቸው ልጆች በማመሳሰልና በመመደብ ፈተና በልጠው ተገኙ። እንግዲህ አሳብ ተሻግሯል ማለት ነውን? ሊሆን ይችላል። ሆኖም የተፈተኑት ማንበብና መጻፍ የቻሉ ከፍ ያሉ ተማሪዎች ነበሩ፤ መሣሪያውም የሚጻፍበት፣ የሚሣልበት፣ የሚነበብበት ነበር እንጂ ሥዕል ማዛመጃ ብቻ አልነበረም። ጥናቱ ለብዙ ሥራ ስለሚሆን መሣሪያ ይመሰክር ይሆናል፤ ለ5 ዓመት ሕፃን ስለሚሸጥ የአእምሮ ጨዋታ ግን አይመሰክርም።

በሌላ ወገን ደግሞ ጓደኞቼ «ገበጣ እያለን ምን አነሰን?» ይላሉ። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ባወጣው ጽሑፍ ከመቶ በላይ የገበጣ ዐይነቶችን ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ ሰብስቧል፤ ሀብቱ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ለታብሌት የጸናው ሕግ ለገበጣም ይጸናል። ገበጣ መቍጠርንና የባላጋራን እጅ አስቀድሞ ማየትን ያለማምዳል፤ ጕድጓዱ ላይ የተጻፈ ቍጥር ስለሌለ ግን የቍጥርን ምልክት አያስተምርም። ከአገራችን ስለ ወጣ ብቻ ከፍ ያለ ችሎታ ልንሰጠው አይገባም። ብልጫው ሌላ ነው፤ ጠጠርና መሬት ይበቃዋል፤ ባላጋራውም በልጁ ቋንቋ የሚናገር ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናት በስክሪን ፊት የሚቀመጡበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስም እንዲሻል ማሳሰቡን ገበጣን ለሚጫወት ልጅ ማንም አይጠቅስበትም።

የራማኒና የሲግለር ሰሌዳ በካርቶንና በእርሳስ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው። በክረምት ዕረፍት ወደ ማጂ፣ ወደ ሚዛን ተፈሪ ወይም ወደ ቴፒ የሚመለስ ተማሪ፣ ወላጆችንና መምህራንን አስፈቅዶ፣ ፈተናውን በአገሩ ሊደግመው ይችላል፤ ለአንዱ ወገን ቍጥሩ በአማርኛ፣ ለሌላው በእናቱ ቋንቋ ይጠራለት፤ ለሦስተኛው ቀለም ብቻ ይሁን። ለመቍጠሪያ የቡና ፍሬ ይበቃል። በመጀመሪያና በመጨረሻ ሕፃኑ እስከ ስንት እንደሚቈጥርና ከሁለት ቍጥር የሚበልጠውን ለይቶ እንደሚያሳይ ይመዝገብ። ታብሌት የተገኘ እንደ ሆነም ያንኑ የቍጥር ጨዋታ ይዞ እንደ አራተኛ ወገን ይግባ እንጂ ከውድድሩ ውጭ አይመስገን።