የኤሌክትሪክ ሙዚቃና የነጻ ጃዝ ዝምድና

ሁለት ሰዎች መልካቸው ስለ ተመሳሰለ ብቻ ወንድማማቾች ናቸው ብሎ የሚጽፍ የባህል ተመራማሪ አይገኝም። ዝምድና የሚቈጠረው በትውልድ፣ በጋብቻ፣ በጡት ልጅነት፣ ይልቁንም ሰዎቹ አንዱ ለሌላው በሚያደርገው ነገር ነው። በሙዚቃ ሂስ ዘንድ ግን ይህ ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚሠራው የሙከራ ሙዚቃ ነጻ ጃዝ ከተባለው ጋር ዘመድ ነው ሲባል፣ የሚቀርበው ማስረጃ አብዛኛውን ጊዜ የመልክ መመሳሰል ነው፤ ሁለቱም ይጮኻሉ፣ ሁለቱም የሚቈጠር ምት የላቸውም፣ ሁለቱም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማቸውን ሰው ያስደነግጣሉ ይባላል። ይህ ማስረጃ ደካማ ነው። ዝምድናው እውነተኛ ሲሆን፣ የሚገኘው ግን በድምፁ መልክ ሳይሆን ድምፁን በሚያወጡት ሰዎች አሠራር ውስጥ ነው። ይህንንም ያልለየ አድማጭ መልካሙን ሥራ ከመጥፎው ለመለየት መመዘኛ አይኖረውም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመልክ መመሳሰል እንዴት እንደሚያሳስት ለማየት የሳክስፎን ተጫዋቹ የጌታቸው መኩሪያ ነገር በቂ ምሳሌ ነው። በ1972 የታተመው ዲስካቸው በ2003 «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም 14ኛ ሆኖ እንደ ገና ሲወጣ፣ የአውሮፓና የአሜሪካ አድማጮች ወዲያው ከኦርኔት ኮልማንና ከአልበርት አይለር ጋር አነጻጸሩት። ድምፁ በእርግጥ ይመሳሰላል፤ ሳክስፎኑ ይሰነጠቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከምቱ እየወጣ ይፎክራል። ነገር ግን ይህ አጨዋወት ከነጻ ጃዝ የተማረ አይደለም፤ ምንጩ ሽለላና ፉከራ ነው። ሽላይ ደግሞ ልማድ ያጸናለት ሥርዓት፣ የሚያወድሰው ጀግናና የሚዝትበት ጠላት አለው፤ ነጻነቱም የፎካሪ ነጻነት ነው። በ2006 ጌታቸው ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ቡድን ጋር «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን ዲስክ ባወጡ ጊዜ እውነተኛ ዝምድና ተፈጠረ፤ እርሱ ግን በጋብቻ የመጣ ነው እንጂ የደም አይደለም።

ሁለተኛው ምሳሌ የካይሮ ነው። ሐሊም ኤል ዳብ (1921–2017) የተባለው ግብፃዊ የሙዚቃ ደራሲ በ1944 በሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀርፅ መሣሪያ ከራዲዮ ጣቢያ ተውሶ የዛር ሥርዓት ወደሚፈጸምበት ቦታ ሄደ። ሥርዓቱ የሴቶች ስለ ነበረ፣ ራሱ በኋላ እንደ ተረከው፣ የገባው ተከናንቦና ማንነቱን ሰውሮ ነው። የቀረፀውን ዝማሬ ወደ ጣቢያው ካመጣው በኋላ ድምፅ በሚያስተጋባ ክፍል ውስጥ እያጫወተ መልሶ ቀረፀው፤ መሠረታዊውን ድምፅ እየቀነሰ ከእርሱ በላይ የሚያንዣብበውን ቀጭን ድምፅ ብቻ አስቀረ። ከዚህ ሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል የሚሆን ክፍል ከብዙ ዓመታት በኋላ በዲስክ ታትሟል። ፒየር ሼፈር በፓሪስ የባቡር ድምፅ እየቈራረጠ ያዘጋጀው የታወቀ ሥራ የ1948 ስለ ሆነ፣ የካይሮው በአራት ዓመት ይቀድመዋል። ኤል ዳብ ለኢትዮጵያ አንባቢም እንግዳ አይደለም፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር በነበረበት ጊዜ፣ በ1963፣ ክራርን፣ መሰንቆን፣ ዋሽንትንና በገናን በአንድ መድረክ የሰበሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን የመሠረተ እርሱ ነው።

ይህ የሁለት ደቂቃ ሥራ እጅግ ውብ ነው። የሴቶቹ ድምፅ ከግድግዳ ማዶ እንደሚሰማ ሆኖ ይመጣል፤ ቃሉ ጠፍቶ እስትንፋሱ ይቀራል። ይሁን እንጂ ከነጻ ጃዝ ጋር ቢያዛምዱት ስሕተት ይሆናል፤ ምክንያቱም ከዛር የተወሰደው ድምፁ እንጂ አሠራሩ አይደለም። ሚሼል ሌሪስ በ1932 በጎንደር ተመልክቶ በ1958 ባሳተመው ጥናት የዛርን ሥርዓት እንደ ቲያትር አድርጎ ማየቱ በከንቱ አይደለም። በሐድራው ላይ አንዱ ሳይመልስ ሌላው ምንም አይሠራም። ከበሮ መቺው የታማሚዋን ትከሻ ይመለከታል፤ ጉሪው ሲጀምር ምቱን ያፋጥናል፤ ዛሩ የራሱ ያልሆነ ዜማ ሲዘፈንለት ዝም ይላል፤ ዜማው እስኪገኝም ዘፈኑ ይለዋወጣል። በሽቦው ላይ ግን ሴቶቹ ለማንም አይመልሱም፤ ድምፃቸው ወዴት እንደ ሄደም አላወቁም። መከናነቡ በሥራው ውስጥ ቀርቷል ማለት ይቻላል። ከሰው ቤት ድምፅ ቀርፆ የሚመለስ ተመራማሪ ሁሉ ይህን ነገር ሳያስብ ሊያልፈው አይገባም።

እንግዲህ ነጻ ጃዝ ምንድን ነው? ስሙ የተገኘው ኦርኔት ኮልማን ዲሴምበር 21 ቀን 1960 በኒው ዮርክ ካስቀረፀው ዲስክ ነው። አራት አራት ሰዎች ያሉባቸው ሁለት ጓዶች፣ አንዱ በግራው አንዱ በቀኙ የድምፅ ማጉያ እየተሰሙ፣ 37 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ ይጫወታሉ። «ነጻ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው አሳስቷል። ሙዚቀኞቹ የተላቀቁት ቀድሞ ከተወሰነው የኅብረ ድምፅ ዙርና ከሚቈጠረው የምት ልክ ነው እንጂ እርስ በርሳቸው አልተላቀቁም፤ እንዲያውም ከቀድሞው ይልቅ ተሳሰሩ። አንዱ ብቻውን ሲጫወት ሌሎቹ ነፊዎች ከሐሳቡ ቁራጭ እየነጠቁ ያጅቡታል፣ ይቃወሙታል፣ ይመልሱለታል። የጽሑፍ መመሪያ በሌለበት ቦታ መመሪያው ጆሮ ሆነ። ሁለተኛው ነገር የድምፅ ጠባይ ነው፤ የተሰነጠቀው ድምፅ፣ የትንፋሹ ሹክሹክታ፣ የሳክስፎኑ ቁልፍ ኳኳታ እንደ ጉድለት መቈጠሩ ቀርቶ የሙዚቃው ፍሬ ሆነ። በበገና አውታር ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ የምታስነሣውን ንዝረት የሚወድ ጆሮ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

የኤሌክትሪክ ሙዚቃ ከዚህ አሠራር ጋር የተገናኘው ከስቱዲዮ ወደ መድረክ በወጣ ጊዜ ነው። ስቶክሃውዘን በኮሎኝ ራዲዮ ጣቢያ ይሠራ በነበረበት በ1950ዎቹ ቴፑ በብዙ ወራት ድካም ይዘጋጃል፤ በአዳራሹም ያለ ለውጥ ይጫወታል። በ1965 በለንደን የተቋቋመው ኤ ኤም ኤም የተባለው ቡድን ግን ከዚህ ወገን አልመጣም። ኪት ሮ፣ ሉ ጌርና ኤዲ ፕሬቮ ሦስቱም የጃዝ ሰዎች ነበሩ። ሮ ጊታሩን ከደረቱ አውርዶ በጠረጴዛ ላይ አጋደመው፤ በልዩ ልዩ ዕቃ ይፍቀው፣ ይመታው ጀመር፤ ራዲዮም ከፍቶ ከአየር የተገኘውን ድምፅ ጨመረበት። በ1966 የስቶክሃውዘን ረዳት የነበረው ኮርኔሊየስ ካርዲው መጥቶ ተቀላቀላቸው። የአመጣጡ ቅደም ተከተል ሊዘነጋ አይገባውም፤ ምሁሩ ወደ ጃዝ ሰዎች ሄደ እንጂ እነርሱ ወደ ምሁሩ አልሄዱም። በዚያው ዓመት ባስቀረፁት ዲስክ ላይ ማን ምን እንደሚጫወት ለመለየት እጅግ ያስቸግራል፤ ነገር ግን አንዱ ሲቀንስ ሌላው እንደሚሰማው ግልጽ ነው። ከዘመኑ ሥራዎች ሁሉ የሚበልጥ ይመስላል።

በ1966 በሮም የተቋቋመው ሙዚካ ኤሌትሮኒካ ቪቫ መሥራቾቹ በታላላቅ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሩ የሙዚቃ ደራስያን ነበሩ። ፍሬደሪክ ዤቭስኪ ሞላ የታሰረበትን መስተዋት በሚለጠፍ ማይክሮፎን እያጐላ ይጫወት ነበር፤ አልቪን ከራን የሞተር ዘይት ቆርቆሮ ይዞ መጣ፤ ሪቻርድ ታይትልባውም በ1967 ሙግ የተባለውን ሲንተሳይዘር ከአሜሪካ አመጣ። «ስፔስክራፍት» የተባለው ሥራቸው ዝነኛ ቢሆንም፣ ጩኸቱ ሲበረታ መደማመጡ የሚጠፋበት ረጅም ጊዜ አለው። በኋላ እነ ስቲቭ ሌሲና አንተኒ ብራክስተን አብረዋቸው ሲጫወቱ፣ ዝምታን እንደ ንግግር የማወቅ ጥበብ ከጃዝ ገባ። በለንደን ደግሞ ሌላው የስቶክሃውዘን ረዳት ሂው ዴቪስ በ1968 የመጋዝ ስለት፣ ሞላና ኩሽኔታ በመጽሐፍ ገበታ ውስጥ አስገጥሞ መሣሪያ ሠራ፤ ገበታው «ሾ» ከሚለው እስከ «ዚግ» ድረስ ያለው የኢንሳይክሎፒዲያ ክፍል ስለ ነበረ መሣሪያውን ሾዚግ ብሎ ጠራው። ይህንም ይዞ ከእነ ዴሬክ ቤይሊና ኢቫን ፓርከር ጋር ተሰለፈ። እውቀት ራሱ ሲፋቅ ይጮኻል የሚል ቀልድ ያለበት ይመስላል።

ይህ ሁሉ ከሆነ ዕዳው ለምን ሳይነገር ቀረ? የትሮምቦን ተጫዋቹና ምሁሩ ጆርጅ ሉዊስ በ1996 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ጥያቄ አንሥቷል። እርሱ አፍሪካዊ መሠረት ያለውን አመለካከት አውሮፓዊ መሠረት ካለው ይለያል፤ ልዩነቱም የቆዳ ሳይሆን በታሪክ የተገኘ የእምነትና የአሠራር ልዩነት እንደ ሆነ ያስረዳል። በቅጽበት የሚፈጠረው ሙዚቃ በነጮቹ የሙከራ ደራስያን ዘንድ ሲታይ ሌላ ሌላ ስም ወጣለት፤ ስቶክሃውዘን በ1968 ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ያወጣለት ስም «የልቡና ሙዚቃ» የሚል ነው። ስሙ ሲለወጥ የትውልድ ሐረጉም አብሮ ይጠፋል፤ የዘር ሐረግ የሚያጠና ሰው ይህን ዘዴ በሚገባ ያውቀዋል። ሰን ራ በ1956 በኤሌክትሪክ ፒያኖ ሲቀርፅ፣ በ1965ም ክላቪዮሊን የተባለውን ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ከሳክስፎኖቹ መካከል ሲያስገባ፣ የኤሌክትሪክ ሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች ለብዙ ጊዜ አላዩትም። በ1986 እርሱና ጆን ኬጅ በኒው ዮርክ በኮኒ አይላንድ በአንድ መድረክ ቀረቡ። ሰን ራ በሲንተሳይዘሩ ይጫወታል፤ ከዚያ ኬጅ በዝግታ ያነባል፤ አብረው የተጫወቱበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ጨዋነቱ የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ ተራ መጠበቅና መመለስ አንድ አይደሉም።

ዝምድናው ሙሉ ሆኖ የሚታየው በሉዊስ በራሱ «ቮዬጀር» ነው። ይህ ከ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ ያዘጋጀው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ሰው የሚጫወተውን እየሰማ፣ ከፍታውን፣ ፍጥነቱን፣ ጉልበቱን እየመረመረ፣ እስከ 64 የሚደርሱ ድምፆች ያሉት ኦርኬስትራ ሆኖ ይመልሳል። ሰው ባይኖርም ራሱ መጀመር ይችላል፤ የሚሰማውን የመከተል ግዴታም የለበትም። በ1993 በወጣው ዲስክ ላይ ሉዊስና የሳክስፎን ተጫዋቹ ሮስኮ ሚቸል አብረውት ሲጫወቱ፣ የመሣሪያዎቹ ድምፅ ደረቅና ርካሽ መስሎ ይሰማል፤ በድምፁ ውበት ብቻ ቢመዘን ከኤል ዳብ ሽቦ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሆኖም ሚቸል አንድ ድምፅ ይዞ ሲቈይ ኦርኬስትራው በዙሪያው ሐሳቡን ይለውጣል፤ ሲለውጥም ሚቸል ደግሞ ይለውጣል። በካይሮ የነጻ ጃዝ መልክ ነበረ፣ አሠራሩ ግን አልነበረም፤ እዚህ መልኩ ጠፍቶ አሠራሩ ተገኘ። አድማጭ አንድ ቀላል ፈተና ሊያደርግ ይችላል፤ አንደኛው ተጫዋች ዝም ባለ ጊዜ የሌላው አጨዋወት ይለወጣልን? ካልተለወጠ ጩኸት በጩኸት አጠገብ ተቀምጧል እንጂ ጨዋታ የለም። በዛሬው ጊዜ ላፕቶፕ ከፍተው አስቀድሞ የተዘጋጀውን ድምፅ የሚለቁ ብዙዎች በዚህ ፈተና ይወድቃሉ።

ይህን ፈተና በደንብ የሚያልፈው የኢቫን ፓርከር ኤሌክትሮ አኩስቲክ ቡድን ነው፤ የመጀመሪያ ዲስኩ በ1997 ታትሟል። ፓርከር ሳክስፎን ይነፋል፤ ባሪ ጋይ ባስ፣ ፊሊፕ ዋክስማን ቫዮሊን፣ ፖል ሊተን ከበሮ ይጫወታሉ። ዋልተር ፕራቲና ማርኮ ቬኪ ከእነርሱ የሚወጣውን ድምፅ በኤሌክትሪክ መሣሪያ እየያዙ፣ እየለወጡ፣ ወዲያው ወደ አዳራሹ ይመልሱታል። ዋክስማን አንድ ጊዜ የፋቀው አውታር ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወፍሮና ተጣሞ ይመለስለታል። እዚህም ድምፅ ከባለቤቱ ይወሰዳል፤ ልዩነቱ ባለቤቱ በቦታው መገኘቱ ነው። የተመለሰለትን ሰምቶ ሊቀበለው፣ ሊያርመው ወይም ሊቃወመው ይችላል፤ ቀስቱን አንሥቶ ዝም ቢል ደግሞ መሣሪያው ከእርሱ አዲስ የሚወስደው ነገር አያገኝም።