የተጫነው ሁሉ ዝርዝሩ ላይ አለ?

እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ በኤክስዚ የፋይል መጭመቂያ 5.6.0 እና 5.6.1 ስሪቶች ውስጥ የተደበቀ የጓሮ በር ማግኘቱን ይፋ አደረገ። ያን ጊዜ የብዙ ሊኑክስ ተጠቃሚዎች ጥያቄ «እኔስ ጋ የትኛው ስሪት ነው የተጫነው?» የሚል ነበር። ስለዚህ የተጫኑ ፓኬጆችን መዘርዘር ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እስቲ ደቢያንና ኡቡንቱ ላይ ያሉትን ሁለት ትእዛዞች እንመዝናቸው።

የመጀመሪያው ዲፒኬጂ ነው። ከስሙ ቀጥሎ ክፍተት፣ ሰረዝና ትንሿን ኤል ጻፉ፤ የፓኬጆቹ ስም፣ ስሪትና አጭር መግለጫ ይደረደራል። መረጃውን የሚያነበው እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ ካለ ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ይህ ጎበዝ ያሰኘዋል። አቀራረቡ ግን ለጀማሪ አይራራም። በየመስመሩ መነሻ ሁለት ፊደላት አሉ፦ የመጀመሪያው የተፈለገውን፣ ሁለተኛው ያለውን ሁኔታ ይናገራል። ሁለቱም አይ ከሆኑ ፓኬጁ በትክክል ተጭኗል። አር እና ሲ ከሆኑ ግን ፕሮግራሙ ተነቅሏል፤ የቀረው የቅንብር ፋይሉ ብቻ ነው። ይህን ሳያውቅ መስመር የሚቆጥር ሰው የሌለውን አለኝ ይላል! መስኮቱ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ረጃጅም ስሞች ይቆረጣሉ።

ሁለተኛው አፕት ነው። ሊስት ብላችሁ፣ ከሁለት ሰረዝ በኋላ ኢንስቶልድ ስትጨምሩ የተጫኑትን ብቻ ያሳያል፤ ለሌላ ፓኬጅ ሲባል በራሳቸው የገቡትንም ለይቶ ምልክት ያደርጋል። ለዓይን የተሻለው እሱ ነው። ውጤቱን ለሌላ ፕሮግራም ስታቀብሉት ግን «አቀራረቤ ሊለወጥ ይችላል» ብሎ ያስጠነቅቃል። እውነቱን ነው፤ ለስክሪፕት ዲፒኬጂ-ኩዌሪ ይሻላል፣ የምትፈልጉትን ዓምድ ብቻ መርጣችሁ ታወጣላችሁ።

ትልቁ ጉድለት ግን የሁለቱም የጋራ ነው። በስናፕ፣ በፍላትፓክ ወይም በፓይተኑ ፒፕ የጫናችሁትን አያውቁም፤ አለማወቃቸውንም አይነግሯችሁም። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ዝርዝሩ ላይ ስለጠፋ ብቻ «የለኝም» ብላችሁ እንዳትደመድሙ። ሦስቱም የየራሳቸው መዘርዘሪያ አላቸው፤ እነሱንም ጠይቁ።

የእኔ ፍርድ፦ ለማየት አፕት፣ ለስክሪፕት ዲፒኬጂ-ኩዌሪ። ለደህንነት ከሆነ ግን አንድ ዝርዝር ብቻውን አይበቃም።