የላጌዎስ ሳተላይቶችና የአይንሽታይን ትምህርት፤ አጭር ሒስ

ኢግናትሲዮ ቹፎሊኒና ኤሪኮስ ፓቭሊስ በ2004 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ኔቸር በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት ሊመሰገንም ሊመረመርም ይገባዋል።

ሌንዘና ቲሪንግ በ1918 ከአይንሽታይን አጠቃላይ የአንጻራዊነት ትምህርት እንዳወጡት፥ ምድር በዛቢያዋ ስትዞር በዙሪያዋ ያለውን ጠፈር በጥቂቱ ይዛ ታዞራለች፤ የሳተላይት ምሕዋር ጠለልም አብሮ ይዞራል። ደራሲዎቹ ይህን በላጌዎስ ሳተላይቶች ፈተኑ። እነዚህ በ1976ና በ1992 የተላኩ፥ ወርዳቸው 60 ሳንቲሜትር የሆነ፥ በመስተዋት የተሸፈኑ ሉሎች ናቸው፤ ርቀታቸውም ከምድር በሌዘር ይለካል። የተገኘው ዙረት ከተተነበየው 99 በመቶ፥ የስሕተቱም መጠን 10 በመቶ ተባለ።

ነገር ግን የሚፈለገው ዙረት በዓመት ከአንድ የማዕዘን ሰከንድ 31 ሺኛው፥ በምሕዋሩ ላይ 2 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ምድር ወገቧ ያበጠ በመሆኑ ደግሞ የመጀመሪያውን ላጌዎስ ጠለል በዓመት 126 ዲግሪ ያህል ታዞረዋለች፤ ይህም ከ14 ሚሊዮን እጥፍ ይበልጣል። በመርሳ ገበያ አንድ ኩንታል ጤፍ መዝኖ ጥቂት ፍሬ መጕደሉን ለማወቅ እንደ መጣር ነው።

ሁለት ሳተላይት ሁለት ልኬት ይሰጣል፤ በሁለት ልኬትም ሁለት ያልታወቁ ቍጥሮች ብቻ ይፈታሉ፤ ይኸውም የምድር ዋና እብጠትና የሚፈለገው ዙረት። የቀሩት የቅርጽ ልዩነቶች በ2002 ከተላኩት ከግሬስ ሳተላይቶች ካርታ በብድር ተወሰዱ። እንግዲህ 10 በመቶ የተባለው ግምት የቆመው በዚሁ ካርታ ላይ ነው። ሎሬንዞ ዮሪዮ ስሕተቱ ከዚያ ይበልጣል ሲል መከራከሩ በእኛ አስተያየት ተገቢ ነበር፤ መልሱ መገጣጠሙ ብቻውን የስሕተቱን ልክ አያስረዳምና።

የምድርን ቅርጽ በሳተላይት የማወቁ ሥራ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ በደብረ ዘይት የነበረው የስሚዝሶንያን ጣቢያ በቤከር ነን ካሜራ ሳተላይቶችን እያነሣ ይከታተል ነበር።

የተሻለውን ዘዴ ቹፎሊኒ ራሱ በ1986 አሳስቦ ነበር፤ የሁለት ሳተላይቶች ምሕዋር ዝንባሌ ተደምሮ 180 ዲግሪ ቢሆን፥ የእብጠቱ ውጤት በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሆን ይጣፋል፤ የአይንሽታይን ዙረት ግን ይደመራል። ለዚህ የተሠራው ላሬስ 2 ወደ ጠፈር የወጣው በ2022፥ ከ36 ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የ2004ቱ ውጤት ብርቱ ድጋፍ እንጂ የተዘጋ ማስረጃ ሊባል ባልተገባ ነበር።

በወልድያ ቤተ ሙከራ የሚሠራም ሆነ በሀብሩ ቆላ የመስኖ ውሃ የሚለካ ተማሪ ከዚህ የሚወስደው ትምህርት አለ፤ ከራሱ ልኬት ያገኘውንና ከሌላ የተበደረውን ለይቶ ይጻፍ።