ሳይጋቡ የቀሩት

«የልዕልት ፊልም ለእኛ ምናችን ነው?» ይሉናል አንዳንድ ወዳጆቻችን፣ «ሮማን ሆሊዴይ»ን ደግመን ልናይ ስንነሳ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ መልስ ግን አለን።

ዊልያም ዋይለር በ1953 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ፊልም ታሪኩ አጭር ነው። ልዕልት አን ፕሮቶኮል አንገሽግሿት ሮም ውስጥ ትጠፋለች፤ ጋዜጠኛው ጆ ብራድሊ ያገኛታል፤ ማንነቷን ሲደርስበት ወሬዋን ሊሸጥ ያስባል። እሷም ትዋሸዋለች፣ እሱም ይዋሻታል። ሳቁ ሁሉ የሚፈልቀው ከዚህ ነው። «የእውነት አፍ» የሚባለው የድንጋይ ፊት የዋሸን ሰው እጅ ይነክሳል ይባላል፤ ግሪጎሪ ፔክ እጁን እጅጌው ውስጥ ሸሽጎ ሲያወጣ ኦድሪ ሄፕበርን ትጮሃለች። ቀልዱን አስቀድሞ የነገራት የለምና ጩኸቷ የምር ነው። (የጀልባው ላይ ድብድብ ግን፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በዝቷል።)

ደግሞስ ታሪኩን የጻፈው ማን ሆነና! ዳልተን ትራምቦ ነው፣ በኮሙኒስትነቱ ከሆሊውድ ሥራ የታገደው። ስሙ መውጣት ስላልቻለ ኢያን መክሌላን ሃንተር ስሙን አዋሰው፤ ኦስካሩም በሃንተር ስም ተሰጠ። ለትራምቦ የተሰጠው በ1993 ነው፣ ከሞተ ከ17 ዓመት በኋላ። ሰውየው መፈክር አልጻፈም። ፀጉሯን የምትቆረጥ፣ አይስክሬም የምትልስ፣ የአንድ ቀን ነፃነት ያገኘች እስረኛ ጻፈ እንጂ።

መጨረሻውስ? ሌላው ቢሆን ያጋባቸው ነበር። እዚህ ግን እሷ ወደ ግዴታዋ ትመለሳለች፣ እሱም ወሬውን አይሸጥም፤ በጋዜጠኞች ፊት እንደ ባዳ ተጨባብጠው ይለያያሉ። ጆ እጁን ኪሱ ከቶ ባዶውን አዳራሽ ብቻውን ያቋርጣል። ካሜራው አይቸኩልም። ዘወር ብሎ ያያል። እኛም፣ ስንት ጊዜ አይተነው፣ አሁንም ትመጣለች ብለን እንጠብቃለን።