«ምንም የለብዎትም» ከማለት በፊት

ቆሰበር ከተማ ውስጥ «ጭንቀት ይዞኛል» ብሎ ወደ አእምሮ ጤና ክፍል የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው። የሚመጣው ጨጓራዬን፣ ራሴን፣ ልቤን እያለ ነው። እኛ ጋ እስኪደርስም ብዙ ቦታ ተመርምሮ «ምንም የለብህም» ተብሏል። በነርስነት ሥራዬ ከዚህ ንግግር የበለጠ ሰውን የሚጎዳ ነገር አላየሁም። ልቡ ድው ድው ሲል ያደረ ሰው ይህን ሲሰማ ወይ ውሸታም የተባለ ይመስለዋል፣ ወይ ሐኪም ያልደረሰበት ክፉ በሽታ ይዞኛል ብሎ ይብስበታል።

አለበት እንጂ። ተመራማሪው ሐንስ ሴልዬ እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ አይጦች ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ ብርድም ይሁን ቁስል ወይም ከአቅም በላይ ድካም፣ ሰውነት የሚሰጠው መልስ ተመሳሳይ መሆኑን አሳይቷል፤ ከኩላሊት አናት ያለችው እጢ ታብጣለች፣ ጨጓራ ይቆስላል። እርግጥ የሰውን ጨጓራ በብዛት የሚያቆስለው ባክቴሪያ መሆኑን ማርሻልና ዋረን ደርሰውበት እ.ኤ.አ. በ2005 ኖቤል ተሸልመዋል። ስለዚህ ምርመራውን አልዘልም።

ከፋግታ ለኮማ በኩል የመጡ አንድ አባት ትዝ ይሉኛል። ዲከረንስ የሚባለው ዛፋቸው በበሽታ ደርቆባቸዋል። እዚህ አገር ዲከረንስ በመጀመሪያው ዓመት ጤፍ ይዘራበታል፣ ቀጥሎ ሣር ይታጨድበታል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ከሰል ሆኖ ይሸጣል። የልጅ ትምህርትም ዕዳም የሚጠብቀው ያንን ቀን ነው።

«ሲስተር፣ ልቤ ሊቆም ነው» አሉኝ።

«አባቴ፣ ጥር 23 ፈረስ ይጋልባሉ?»

ቀና አሉ። በዓሉን ጥር 23 የሚያከብረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው ይህን ሲጠየቅ ዝም አይልም። «ምን ነካሽ! ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«ፈረሱን ሲኮለኩሉት ልብዎ አይመታም?»

«ይመታል እንጂ!»

«ታዲያ ያን ጊዜ ሊቆም ነው ይላሉ?»

መልስ አልሰጡኝም፤ ግን ትከሻቸው ትንሽ ወረደ። አድሬናሊኑ ያው ነው፣ ልቡም ያው ነው። ልዩነቱ ግልቢያው ሲያበቃ ከፈረሱ ይወረዳል፤ ዕዳ ግን መውረጃ የለውም። ሌሊት ዝቅ ማለት የነበረበት ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ዝቅ ሳይል ያድራል፣ እንቅልፍም ይሸሻል። ይህንኑ ነገርኳቸው።

ከዚያ ሁለት ጣታቸውን በገዛ እጃቸው አንጓ ላይ አስቀመጥኩላቸው። ጣታቸው ከሥራ ብዛት ስለጠነከረ ምቱን ለማግኘት ጊዜ ወሰደ። በአፍንጫ አስገብተው፣ ካስገቡበት ረዘም አድርገው እንዲያወጡ ነገርኳቸው፤ በልባቸው በአገውኛ እየቆጠሩ። ትንፋሽ ሲወጣ ቬገስ የሚባለው ነርቭ ልብን ያዘገየዋል። እኔ ብነግራቸው ኖሮ ላያምኑ ይችሉ ነበር፤ በጣታቸው ሲያገኙት ግን ቀና ብለው አዩኝ።

ትንፋሽ ዕዳ አይከፍልም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ላዛረስና ፎልክማን እ.ኤ.አ. በ1984 ችግሩን ራሱን መጋፈጥንና ችግሩ የቀሰቀሰውን ስሜት መቻልን ለይተው ጽፈዋል፤ ሰው ሁለቱም ያስፈልጉታል። እኔ ከሰውነት የምጀምረው ልቡ እየደለቀ ሒሳብ የሚያስብ ሰው ስለሌለ ነው። አረቄም ሰውነትን ያረግባል ይላሉ፤ ለዚያች ሌሊት እውነት ነው፣ ግን እንቅልፉን ቆራርጦ በማግስቱ ጭንቀቱን አብሶ ይመልሰዋል። ጠበል ተው ብዬ አላውቅም። መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ጠበሉን ብሎ እንዳያቋርጥ ግን አጥብቄ እለምናለሁ።

«መኖር ያስጠላዎታል? ራሴን ላጥፋ ብለው ያውቃሉ?» ብዬም በግልጽ እጠይቃለሁ። መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ አለመጠየቅ ግን ሰውየውን ብቻውን ይተወዋል። እሳቸው አላሰቡም ነበር። «ዕዳውን ለማን ነግረዋል?» ስላቸው ነው የተቸገሩት። ለማንም አልነገሩም፤ ለባለቤታቸው እንኳ።

በቀጠሯቸው ቀን ባለቤታቸውን ይዘው መጡ። ዕዳውን በዝርዝር ወረቀት ላይ አወረድነው። እሳቸው የልጁ የትምህርት ወጪ ይቅደም አሉ፣ እሷ የማዳበሪያው አለች፤ ምሳ ሰዓት አልፎ ክፍሉ እስኪዘጋ ተከራከሩ።